ሽማግሌዎቹ ያካፈሉት ኢንተርኔት

ቀበና፣ ከምሳ በኋላ፤ ሽማግሌዎች ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍለው ባልና ሚስትን በየወገናቸው ባኖሩበት ቤት፣ የኮሌጅ የኔትወርክ መምህሩ ወንድይራድ በጓሮ በኩል፣ ሚስቱ ሐረገወይን በፊት በኩል ሆነው ኮምፔንሳቶው መሀላቸው ቆሞ ይከራከራሉ።

ወንድይራድ፦ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው የለመንኩሽ፣ ሐረግ! ጣት እንኳ የማታስገባ። በድሪል በሳ አድርጌ ሁለተኛ ገመድ ላሳልፍና ሁለታችንም እንገላገል።

ሐረገወይን፦ አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም። ጋሽ ተካልኝ ሲያካፍሉን ምን ነበር ያሉት? "ለአንድ ገመድ አንድ ቀዳዳ፤ ከዚያ ካለፈ መተያያ ይሆናል።" አንተም "እሺ አባቴ" ብለህ ጉልበታቸውን ስመሃል።

ወንድይራድ፦ እኔ ያን ቀን ጣራውንም እንክፈለው ቢሉኝ እሺ እል ነበር። የኔን እሺታ ደግሞ ቁም ነገር ብለሽ ትይዢዋለሽ?

ሐረገወይን፦ እሱን ተወውና የዛሬዬን ያዝልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊቀጥሩኝ ያሰቡት የአዳማ ሰዎች ይደውላሉ። መስመሩን ይፈትሻሉ። ካማራቸው እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ካላማራቸው በወሩ መጨረሻ ዕቃዬን ጭኜ አዳማ እገባለሁ። ሌላ ምርጫ አልሰጡኝም።

ወንድይራድ፦ አውቃለሁ።

ሐረገወይን፦ ታውቃለህ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ያንን ሳጥን ስትጎረጉር ከረምክ፤ የኔ ኮምፒውተር ላይ ግን እስካሁን ያቺው ቀይ ምልክት ናት። አንዳንዴ ሆን ብለህ ይመስለኛል።

ወንድይራድ፦ ሆን ብዬ? ሆን ብዬ ማበላሸት የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ማስተካከሉም አያቅተኝም ነበር። ይሄ የምታይው የተፈጥሮ ችሎታዬ ነው።

ሐረገወይን፦ ኮሌጅ ውስጥ የምታስተምረው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?

ወንድይራድ፦ አስተምራለሁ እንጂ! ሰሌዳ ላይ። ሰሌዳ ላይ አንድም ቀን ተቋርጦብኝ አያውቅም። መስመር አሰምራለሁ፣ ቀስት አደርግበታለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ሠርቶ ያድራል።

ሐረገወይን፦ እኔ ሰሌዳ ላይ አልቀጠርም። ትናንት በስልኬ ዳታ ሞክሬው "ሄሎ" ስል "ሎ" ብቻ ነው የደረሳቸው። "እሜቴ፣ ውሃ ውስጥ ነሽ?" አለኝ ሰውዬው። ዋይፋይም አንቀበልም፣ በገመድ ይሁን ብለዋል።

ወንድይራድ፦ እኮ! ራውተሩን ልስጥሽ ብዬሽ የለ? ውሰጂውና እዛው ሰክተሽ ተገላገይ።

ሐረገወይን፦ ሽማግሌ ለኔ ያላለውን አልነካም። ነገ ደግሞ "ራውተሬን ወሰደችብኝ" ብለህ ለዘመድ አዝማዱ ልታወራብኝ?

ወንድይራድ፦ ሽማግሌ! የትኛው ሽማግሌ ነው ሞደምና ራውተር የሚያካፍል? ጋሽ ተካልኝ ሁለት ሳጥን አዩ። እዚህም መብራት ብልጭ ይላል፣ እዚያም ብልጭ ይላል። "ሁለት ናቸው። አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ" አሉ፤ አለቀ። እኔ የኔትወርክ መምህሩ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጬ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ሐረገወይን፦ ድስቱን ለኔ፣ ክዳኑን ለአንተ ሲሉም "እግዜር ይስጥልኝ" ብለሃል።

ወንድይራድ፦ ክዳኑን በጣም ነው የምጠቀምበት። ሳህን የለኝም እኮ፣ ገልብጬ እበላበታለሁ።

ሐረገወይን፦ አታስቀኝ፣ ሥራ ላይ ነን። ለመሆኑ ያኔ "አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም" ብትላቸው ምን ነበረበት?

ወንድይራድ፦ በዚያ ሰዓት "አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም" ብዬ ብናገር ሁሉም ዞረው የሚያዩት ሳጥኖቹን ሳይሆን እኔን ነበር።

ሐረገወይን፦ … እሺ። አሁን ምን ላድርግ? ጊዜው እየሄደ ነው።

ወንድይራድ፦ በርሽ ላይ በፌስታል ያስቀመጥኩልሽን ትንሽ ስዊች አገኘሻት?

ሐረገወይን፦ ይቺ መሰኪያ የተደረደረባት ቆርቆሮ? አገኘኋት።

ወንድይራድ፦ መንትያዋ እኔ ጋ አለች። ሁለተኛ ቀዳዳ ስለከለከልሽኝ እነዚህን ሁለት ከኮሌጁ ቤተ ሙከራ ፈርሜ አወጣኋቸው። ለተማሪ ማሳያ ብዬ ነው ያወጣሁት፤ ማሳየቴ ደግሞ አይቀርም፣ እንዴት እንደማይሠራ።

ሐረገወይን፦ ምን ያደርጉልናል?

ወንድይራድ፦ ቀለል አድርጌ ልንገርሽ። ኢንተርኔቱ ከመንገድ የሚገባው አንቺ ጋ ባለው ሞደም ነው። እህል በይው። ወፍጮው ራውተሩ ነው፣ እሱ ደግሞ እኔ ጋ ነው። እህሉ ከአንቺ ወደ እኔ ይመጣል፣ ይፈጫል፣ ዱቄቱ ተመልሶ አንቺ ኮምፒውተር ጋ መድረስ አለበት።

ሐረገወይን፦ ለመሄጃም ለመመለሻም ያለን ያቺው አንድ ገመድ ናት።

ወንድይራድ፦ አንድ አህያ ነው ያለን። ስለዚህ ጆንያው ላይ ቁጥር እንጽፋለን። እህሉ አሥር ቁጥር፣ ዱቄቱ ሃያ ቁጥር። ሁለቱ ስዊቾች ቁጥሩን እያዩ ይለያሉ፤ አሥሩን ወደ ራውተሩ መግቢያ፣ ሃያውን ወደ ኮምፒውተርሽ ይልካሉ። በአንድ ገመድ አብረው ይሄዳሉ፤ አይነካኩም፣ አይተያዩም። ይሄ ዘዴ በኛ ቋንቋ ቪላን ይባላል።

ሐረገወይን፦ አብረው እየኖሩ አይተያዩም።

ወንድይራድ፦ … አዎ።

ሐረገወይን፦ ይሄን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም ነበር።

ወንድይራድ፦ ቁጥሩን ቀድሜ ሞልቼባቸዋለሁ፤ እንሰካ። ከሞደሙ የሚመጣው ቢጫ ገመድ አንደኛው መሰኪያ ላይ። ከኮምፒውተርሽ የሚመጣው ሰማያዊ ሁለተኛው ላይ። ከቀዳዳው የሚወጣው ጥቁሩ መጨረሻው ላይ። ቀጭ እስኪል ግፊው።

ሐረገወይን፦ ቢጫ … ቀጭ አለ። ሰማያዊ … ቀጭ። ጥቁሩ አጠረኝ። ሳብ አድርግልኝ ከዛ በኩል።

ወንድይራድ፦ ላክሁልሽ፣ ጎትቺ። ቀስ! እኔንም ጨምረሽ በቀዳዳው እንዳታሳልፊኝ።

ሐረገወይን፦ አታልፍም፣ ሆድህ አያሳልፍህም። … ቀጭ አለ። ወንዴ! አረንጓዴ በራ!

ወንድይራድ፦ እኔም ጋ! እኔም ጋ "ተገናኝቷል" ይላል! እልል በይ!

ሐረገወይን፦ እል— ቆይ። አይከፍትም።

ወንድይራድ፦ ምን ማለት?

ሐረገወይን፦ ምንም አይከፍትም። ነጭ ነው፣ ባዶ ነጭ።

ወንድይራድ፦ ተገናኝቷል ይላል እኮ። ለራውተሩ አድራሻም ተሰጥቶታል። ማን ሰጠው … ወይኔ። ወይኔ ወንድይራድ!

ሐረገወይን፦ ምን ሆንክ? ኤሌክትሪክ ያዘህ?

ወንድይራድ፦ ኤሌክትሪክ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሁለቱንም አሥር ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። እህሉም አሥር፣ ዱቄቱም አሥር። ራውተሩ በፊት በሩ ወጥቶ "ኢንተርኔት የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ተጣራ። ጥያቄው ዞሮ በጓሮ በሩ ለራሱ ደረሰው። "እኔ እሰጥሃለሁ" ብሎ መለሰ። አሁን ደስ ብሎት ተቀምጧል።

ሐረገወይን፦ ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ፣ ራሱ ተደሰተ።

ወንድይራድ፦ አዎ።

ሐረገወይን፦ ይሄን ሰውዬ የማውቀው መሰለኝ።

ወንድይራድ፦ ሐረግ …

ሐረገወይን፦ "ሐረግ ትጨመር?" ይላል፤ "አይ፣ ጠግባለች" ይላል። "ሐረግ ትሄዳለች?" "አይ፣ መንገድ አይስማማትም።" ዓምና እነዚሁ የአዳማ ሰዎች ሲደውሉልኝ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር። ስልኬን ማን አነሳው?

ወንድይራድ፦ እኔ።

ሐረገወይን፦ ምን አልካቸው?

ወንድይራድ፦ "አትፈልገውም።"

ሐረገወይን፦ አትፈልገውም! እሱም በትህትና! "ስላሰባችሁን እናመሰግናለን፣ ቸር ይግጠማችሁ" ብለህ። እኔ ፎጣዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሰማሃለሁ። ተናደድኩ ብል ውሸት ነው፣ ወንዴ። በቁሜ የሞትኩ ነው የመሰለኝ። እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ እኮ ነው እንደሌለሁ የመለስክልኝ።

ወንድይራድ፦ … ትህትናው እንኳ ሳይቆጠርልኝ ሽማግሌ መጣ።

ሐረገወይን፦ ትስቃለህ?

ወንድይራድ፦ አልሳቅኩም። ኮሌጅ ውስጥ በራሱ ጥያቄ ለራሱ የሚመልስ መሣሪያ ሲያጋጥመኝ "ይሄ የተበላሸ ነው፣ ይጣል" ነው የምለው። አሁን እዚህ ተቀምጬ ይቺን ሳጥን አያታለሁ፤ መብራቷን እያበራች እኔን መስላ ቁጭ ብላለች። ልጥላት አልችልም፣ ደሞዜ አያስችልም።

ሐረገወይን፦ ደህና። ሳትጥላት አስተካክላት። ስምንት ሰዓት አልፏል።

ወንድይራድ፦ ያንቺን ስዊች ከዚሁ ሆኜ በገመዱ ገብቼ አስተካክላታለሁ። አንቺ ምንም አትንኪ። … ሁለተኛው መሰኪያ፣ ሃያ። … ገመዱ ደግሞ … ይሄንን እዚህ … አስቀምጥ። … አስቀመጠ። … አሃ።

ሐረገወይን፦ "አሃ" ምንድን ነው? ጥሩ ነው መጥፎ?

ወንድይራድ፦ ለመሆኑ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን የሚወርድ መዓት ገደብ የለውም?

ሐረገወይን፦ ምን አደረግክ ደግሞ?

ወንድይራድ፦ ቁጥሩን ስቀይር እኔ ራሴ የገባሁበትንም መንገድ ጨምሬ ቀየርኩት። ወጣሁ። አሁን እሺ ብላ አታስገባኝም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ የረሳ ሰው ማለት ነኝ።

ሐረገወይን፦ አታደርገውም!

ወንድይራድ፦ አድርጌዋለሁ። ይሄ እኮ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈተና ላይ የማወጣው ጥያቄ ነው። "ይህን ስህተት የሠራ ባለሙያ ምን ይባላል?"

ሐረገወይን፦ መልሱ ምንድን ነው?

ወንድይራድ፦ ልጆቹ ጨዋ ስለሆኑ ባዶ ይተዉታል።

ሐረገወይን፦ ወንዴ፣ እኔ አሁን መሳቅ አልችልም። ይሄ ሥራ ሁለተኛ ዕድሌ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ማንም አይደውልልኝም። አዳማም ብሄድ የማውቀው ሰው የለኝም፤ ሄጄ በኪራይ ቤት ብቻዬን ልቀመጥ ነው። ፈርቻለሁ።

ወንድይራድ፦ … እኔም ፈርቻለሁ። ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ። መርፌ ቁልፍ አለሽ?

ሐረገወይን፦ ነጠላዬ ላይ አለች።

ወንድይራድ፦ ንቀያት። ከስዊቿ ጀርባ መርፌ የምታህል ጉድጓድ አለች። በመርፌዋ ጫን አድርጊና መብራቱ ሁሉ እስኪጠፋ አትልቀቂ።

ሐረገወይን፦ … ወጋኋት። … ጠፋ። ሁሉም ጠፋ! ገደልኳት እንዴ?

ወንድይራድ፦ አልሞተችም። ያለፈውን ሁሉ ረሳች።

ሐረገወይን፦ ታድላ።

ወንድይራድ፦ አሁን ግን ከዚህ ሆኜ አልደርስባትም። ላፕቶፔን እሷው ላይ ሰክቼ ከባዶ መጀመር አለብኝ። እዛ መምጣቴ ነው።

ሐረገወይን፦ ምን ሲደረግ! ጋሽ ተካልኝ ፊት ለፊት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። "እኛ ተመልሰን እስክንመጣ በአንድ ወገን እንዳትገኙ። ከተገኛችሁ በሽማግሌ ቀለዳችሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አንገባበትም" ብለዋል። ቀለደችባቸው ልባል ነው?

ወንድይራድ፦ ታዲያ በአየር ልምጣ?

ሐረገወይን፦ … አንተ ወደዚህ ስትመጣ እኔ ወደዚያ ብሄድስ?

ወንድይራድ፦ እንዴት ማለት?

ሐረገወይን፦ በአንድ ወገን አትገኙ ነው ያሉት። አትለዋወጡ አላሉም። አንተ በፊት በር ትገባለህ፣ እኔ በጓሮ በር እገባለሁ። እዛስ ራውተሩን የሚጠብቅ ሰው አያስፈልግህም?

ወንድይራድ፦ ያስፈልገኛል እንጂ! መብራቱን አይቶ የሚጮህ ሰው። … ቆይ ግን ሐረግ፣ እዚህ ቤቱ አልተጠረገም።

ሐረገወይን፦ የኔስ የተጠረገ መሰለህ? ተነሳ፣ ላፕቶፕህን ያዝ፣ ግቢው ውስጥ ስንተላለፍ እንዳትቆም።

ወንድይራድ፦ እሺ፣ ወጥቻለሁ። … ይኸው ግቢው መሀል ደረስኩ። ደህና ዋልሽ፣ ወይዘሮ ሐረገወይን።

ሐረገወይን፦ ደህና ዋልክ። ይሄ ጺም ምንድን ነው? ባሕታዊ መስለሃል እኮ።

ወንድይራድ፦ ምላጩ አንቺ ድርሻ ውስጥ ገባ። አንቺስ ጸጉርሽን? ከሩቅ ሳይሽ የተሠራሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ተቆርጠሻል።

ሐረገወይን፦ አስቀያሚ ነው?

ወንድይራድ፦ ለኔ …

ሐረገወይን፦ በቃ እለፍ፣ እለፍ! መነጽራቸውን እያጠለቁ ነው።

ወንድይራድ፦ ጋሽ ተካልኝ፣ እንደምን ዋሉ! አይ፣ አልታረቅንም አባቴ! ሥራ ነው! ኔትወርክ!

ሐረገወይን፦ እንደሱ ተብሎ ይጮሃል? ሰፈሩ ሁሉ ሰማህ። … ገባሁ፣ እዚህ ነኝ። ይሰማሃል?

ወንድይራድ፦ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ድምፅሽ እንደ ሬዲዮ ይሰማል። እኔም ገብቻለሁ። ላፕቶፑን ሰካሁ። ራውተሩን አየሽው?

ሐረገወይን፦ አየሁት፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ በላይ። … ወንዴ፣ በእውነት በክዳን ነው የምትበላው!

ወንድይራድ፦ ቀልድ መሰለሽ? አሥር … ሃያ … ገመዱ ላይ ሁለቱም። አሁን በጥንቃቄ ነው የምሠራው፤ ከማስቀመጤ በፊት ሁሉንም ደጋግሜ አነባለሁ፤ እንደ ተማሪ። … ሐረግ?

ሐረገወይን፦ አቤት።

ወንድይራድ፦ መኝታ ቤቱ ላንቺ አልደረሰም እንዴ?

ሐረገወይን፦ ደርሶኛል። ምነው?

ወንድይራድ፦ ታዲያ ፍራሹ እዚህ ሳሎን፣ ኮምፔንሳቶው ሥር ምን ይሠራል?

ሐረገወይን፦ … መኝታ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ወንድይራድ፦ መስኮት የሌለው መኝታ ቤት ከየት መጥቶ ይቀዘቅዛል?

ሐረገወይን፦ ሥራህን ሥራ! ለነገሩ አንተስ? ለአንተ የጓሮውን ክፍል ሰጥተውህ የለ? አልጋህን ጎትተህ እዚህ ያደረስከው ለምንድን ነው?

ወንድይራድ፦ ለራውተሩ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው።

ሐረገወይን፦ ራውተሩ በወዲያኛው ማዕዘን ነው ያለው! አልጋው ደግሞ ኮምፔንሳቶው ላይ ተለጥፏል። በዚህኛው በኩል አንተ፣ በዚያኛው በኩል እኔ፤ መሀላችን ጣውላ እንኳ ያልሆነ ነገር።

ወንድይራድ፦ ለዚህ ነው ለካ ሌሊት ስትገላበጪ ጆሮዬ ሥር የምትገላበጪው። እኔ አበድኩ ብዬ ነበር።

ሐረገወይን፦ እኔ ደግሞ ያንን ሳልህን እየሰማሁ "ሄዶ አይታከምም እንዴ ይሄ ሰውዬ" እያልኩ ነው የማድረው። አንድ ቀን ልነግርህ ኮምፔንሳቶውን ለማንኳኳት እጄን አንስቼ ነበር።

ወንድይራድ፦ ለምን ተውሽው?

ሐረገወይን፦ "ተኝታለች" ብለህ ለራስህ ትመልሳለህ ብዬ።

ወንድይራድ፦ … አስቀመጥኩት። ሐረግ፣ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። መብራቱን እይ።

ሐረገወይን፦ አጠፋሁ። … አበራሁ። … ቀይ ነው። … አሁንም ቀይ ነው። … ብርቱካናማ … ወንዴ፣ አረንጓዴ! ግን ቅድምም አረንጓዴ ነበር፣ አልደሰትም።

ወንድይራድ፦ ቆይ፣ አድራሻውን ማን እንደሰጠው ልይ። … እሱ ራሱ አይደለም! ከውጭ ነው! ኮምፒውተርሽም ከፈተ! ሐረግ፣ ከፈተ! የአየር ጠባይ መጣልኝ፣ አዳማ ሞቃት ነው ይላል!

ሐረገወይን፦ እውነትህን ነው? ማልልኝ!

ወንድይራድ፦ ይሙት ወንድይራድ! እሱ ብዙ እንደማያስፈልግ ዛሬ አይተናል፣ ግን ይሙት! … ቆይ። ቆይ፣ ኮምፒውተርሽ እየጮኸ ነው።

ሐረገወይን፦ እነሱ ናቸው! ሰዓቱ ሳይደርስ ደወሉ! አንሳው!

ወንድይራድ፦ እኔ? ያንቺን ጥሪ? ምን በወጣኝ።

ሐረገወይን፦ ውጣና እኔ ልግባ እንዳልል ዞሬ እስክመጣ ይዘጋል! አንሳው አልኩህ!

ወንድይራድ፦ እጄ እምቢ አለኝ፣ ሐረግ። ባለፈው ያነሳሁትን እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

ሐረገወይን፦ ወንዴ፣ በእናትህ አንሳው! እየሮጥኩ ነው!

ወንድይራድ፦ ሄሎ … ጤና ይስጥልኝ … አዎ፣ የወይዘሮ ሐረገወይን መስመር ነው … እኔ? እኔ የኔትወርኩ ሠራተኛ ነኝ … ሥራውን ትፈልገዋለች ወይ? እሱን አላውቅም፣ ጌታዬ። በእውነት አላውቅም። የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ራሷ ትነግርዎታለች … መጣች፣ እየሮጠች ነው … አዎ፣ በገመድ ነው። አንድ ገመድ … አይ፣ አይቆራረጥም። ደጋግሜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱ ምንም አላደረገም።

ሐረገወይን፦ ዞር በል … ወንበሩን … ሄሎ! ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከ … ከሌላኛው ክፍል ነው የመጣሁት። ደህና ናችሁ?

ወንድይራድ፦ እኔ ልውጣ። ጋሽ ተካልኝ በሩን እያዩ ነው።

ሐረገወይን፦ ቁጭ በል። … አይ፣ እናንተን አይደለም። … አዎ፣ በደንብ ይሰማኛል። እናንተስ? … ጥርት ብሎ? ተመስገን። … እሺ። … እሺ። … እንደምርጫዬ? አዳማ መጥቼም ሆነ ከቤት? … አንዴ ጠብቁኝ። ወንዴ፣ የቱን ልበላቸው?

ወንድይራድ፦ እኔን ነው የምትጠይቂው?

ሐረገወይን፦ አንተን ነው።

ወንድይራድ፦ እኔ የምፈልገውን ታውቂዋለሽ፤ እዚሁ ሁኚልኝ። መልሱን ግን አንቺ ስጫቸው፤ እኔም ከአፍሽ ልስማው።

ሐረገወይን፦ ሄሎ፣ አላችሁ? ከቤቴ ነው የምሠራው። … አዎ፣ ወስኛለሁ። … ነገውኑ? እችላለሁ። አንድ ነገር ግን፣ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ፈቃድ መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የነገን ግማሽ ቀን ብቻ ፍቀዱልኝ፤ ከባለቤቴ ጋር የምንነቅለው ኮምፔንሳቶ አለ።